ጉሮሮው የተዘጋ ሽጉጥ

ወንድሜ እርሳስ ያቀለጠባትን ድስት አልጣልኳትም። ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር ደፍቻታለሁ። ጎረቤቶቼ «ለዶሮዎቹ ውሃ አታደርጊባትም?» ይሉኛል። አላደርግባትም፤ ዶሮም ነፍስ አላት። እዚያ የተደፋችው በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እንዳያትና ንዴቴ እንዳይበርድ ነው። ሰው ሁሉ «አለፈ እኮ፣ አልሀምዱሊላህ በይ» ይለኛል። ብያለሁ። ስንቴ ብያለሁ። አላህን ማመስገንና በወንድሜ መናደድ ግን አይጣሉም። ሰግጄ፣ መስገጃዬን ሳላጥፍ ንዴቱ ይመጣብኛል።

ሽጉጥማ ዕቃ ነው፤ በዕቃ አልናደድም። የምናደደው «ርካሽ ነው፣ እቤት ይሠራል» እየተባለ በልጄ እጅ በተሞከረው ነገር ነው።

ልጄ ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር፣ ከዚያም ወደ ፒያሳ ሲመላለስ ይውላል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እሱና እኔ ነን። እኔ ከኮምቦልቻ ሽንኩርትና ቲማቲም እያወጣሁ ደሴ እቸረችራለሁ፤ ትንሿ ልጄ ትማራለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ መግሪብ ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ወንዶች ፒያሳ ላይ ተሳፈሩበት። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ውጦት ነበር። ቧንቧ ውሃ ሊደርሱ ሲሉ፣ መብራት የሌለበት ቦታ ላይ፣ «እዚህ ጋ አውርደን» አሉት። ቆመላቸው። አንደኛው ከኋላ ቢላ አንገቱ ላይ አሳረፈበት። ስልኩንም ቀኑን ሙሉ የሠራበትንም ወስደው ሄዱ።

እቤት ሲገባ ምንም አላለም። «እማ፣ ራት አለ?» ነው ያለኝ። ዞር ሲል ነው ደም የነካውን ኮሌታውን ያየሁት። ቁስሉ ቀጭን ነበር፤ ድመት የቧጨረችው ይመስላል። ግን እኮ ቢላው ትንሽ ገፋ ቢል! እስከ ዛሬ ሸሚዝ ባጠብኩ ቁጥር ኮሌታው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ልጄ አልነበረም። ሰው ከኋላው ሲቀመጥ ይዞራል። ሳቅ የለ፣ ጨዋታ የለ። እህቱ ስትተርበው እንኳ ዝም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ወንድሜ ለምን እንደመጣ እንዲገባ ነው። ያለ ምክንያት አልመጣም። ምክንያቱማ እውነት ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው፤ እውነተኛ ምክንያት ይዞ የማይረባ ነገር ሠራ።

ወንድሜ ቢስቲማ አካባቢ ያርሳል። ታላቄ ነው። ወንድምጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው፤ የሚታዘበኝ ይታዘበኝ።

የልጄን ነገር ሰምቶ መጣ። ማሽላ በማዳበሪያ ይዞልኝ ነበር። ማሽላውን ሰፌድ ላይ ስገለብጠው ከመሃሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዱብ አለ። ስፈታው የአባቴ ሽጉጥ።

«ወንድምጋሼ! ይሄ ምንድነው?»

«አታውቂውም እንዴ? የአባትሽ ነው።»

«የአባቴ መሆኑንማ አውቃለሁ። ምን ሊሠራ መጣ ነው የምልዎት!»

«የልጅሽን አንገት ሊጠብቅ።»

ስድስት ጎራሽ ነው። ሆዱ ይሽከረከራል። እጀታው እንጨት ነው፤ በአባቴ እጅ ብዛት ጠቁሯል። ልጅ ሆነን አባቴ በእሱ ከማሽላው ከርከሮና ዝንጀሮ ያባርርበት ነበር። አንዳንዴም ሚዳቋ ይዞ ይገባል። ለእኛ ሽጉጡ የሥጋ ወሬ ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ እናቴ ድስት ትጥዳለች። የአባቴ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ጫፍ አልነበራትም። ማጭድ ቆረጠው ተብለን ነው ያደግነው። ይህን ጣት አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ጥይት አለው?» አልኩት።

«ጥይቱ ድሮ ቀረ። ገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም አይቀመስም።»

«እሰይ! እንግዲያው ብረት ነው፣ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሽንኩርት እመዝንበታለሁ።»

ሳቀ። ከኪሱ የዱቄት ወተት ጣሳ አወጣና አንኳኳው። ውስጡ ቀለሃ ነበር፤ ጥይት ሲተኮስ የሚቀረው የናስ ቅርፊት። አባቴ አንዱንም ሳይጥል አጠራቅሞ ያስቀመጠው ነው። ወንድሜ አባቴ ሲያደርግ አይቶ የተማረውን ሊሠራ ነው የመጣው፤ ባዶውን ቀለሃ ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ አቅልጦ ራስ አበጅቶለት፣ እንደገና ጥይት ሊያደርገው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እንዴት እንደሚሠራ የማውቀው ትንሽ ናት፤ እሷም ከእኔ ጋር ትቀበር። ወንድ ልጅ ያለው ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

«ለምን እርስዎ ቤት አይሠሩትም?» አልኩት።

ጺሙን አሻሸ። «ሚስቴ ደግሞ አበደች። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ ብላ ከነጣሳዬ አስወጣችኝ።»

«እኔስ? እኔ ልጅ የለኝም?»

«ያንቺማ አድጓል!»

እንዲህ ነው የመለሰልኝ። ሚስቱ ያባረረችውን ነገር እኔ ቤት ይዞት መጣ። የእኔ ቤት አባወራ ሞቷል፤ ማን «ተው» ይበለው? እኔ ብለው እህት ነኝ፣ ሻይ አፍይ የምባል። ልጄም አጠገቡ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ከጣሳው አልተነቀለም።

ያን ቀን ጓሮዬ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ሆነ። ከጎሚስታ ቤት የለቃቀመውን ቁርጥራጭ እርሳስ በእኔ ድስት ከሰል ላይ ጣደው። ምስር የምሠራባት ድስት ናት። «ሌላ ዕቃ የለም?» ስለው «ታጥቢያታለሽ» አለኝ። ጢሱ ጉሮሮ ይይዛል። ትንሿን ልጄን ከነደብተሯ ጎረቤት ላክኋት። ልብሱንም ከገመድ ላይ ሰበሰብኩ። ልጄ ግን አጎቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ ያራግባል፣ ያቀብላል።

«አጎቴ፣ በዚህ ከርከሮ ይወድቃል?»

«ምን ከርከሮ! አምና አንዱ በእኔው ጥይት እንደ ከረጢት ነው የተዘረገፈው።»

«አይተሃል ወይስ ሸሽተሃል?»

«ሸሽቼ ዛፍ ላይ ሆኜ አየሁ!»

ልጄ ሳቀ። ከዚያ ቢላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ሳቁን ስሰማ ዘጋሁት። እንግዲህ ምን ላድርግ፤ የልጄ ሳቅ ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ከባጃጁ ወንበር ሥር ገባ። ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። በፊት ሌባ ነበር የምፈራው። አሁን ሌባንም ፈታሽንም፣ መንገድ ላይ የሚቆመውን ሁሉ ፈራሁ። ወረቀት የለው፣ ፈቃድ የለው። ሽንኩርቴን ይዤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወጣ፣ ጠመዝማዛው ላይ ፖሊስ ሚኒባሱን ሲያስቆም፣ እኔ ላይ ምንም ሳይኖር ዱዓ እጀምራለሁ። ልጄን ይዘውት ነው ብዬ። ቤት ስገባ እሱ ላይ እደነፋለሁ።

«መልስለት! ለአጎትህ መልስለት ብያለሁ!»

«እማ፣ ቢላ ይዞ ለሚመጣብኝ ምን ላሳየው? ሽንኩርት?»

«ሽንኩርት ነው ያሳደገህ፣ አንተ ባለጌ!»

«እሺ፣ ልቆጣሽ አልፈልግም።»

«ተቆጣኛ! ሽጉጥ አለህ አይደል!»

እንዲህ እየተባባልን ክረምቱ ወጣ።

መኸሩ እንደገባ ወንድሜ ሴት ልጁን ሊድር ሆነ። በእነሱ ሰፈር ያለውን ወግ ለማያውቅ ልንገር። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ወደ ልጅቷ ቤት ሲቀርብ እየተኮሰ ነው የሚመጣው። የልጅቷ ወገን ደግሞ መመለስ አለበት። እነሱ ሲተኩሱ ያልተመለሰላቸው እንደሆነ፣ ወንድ የሌለበት ቤት ነው፣ ድሃ ነው ተብሎ ይወራል። ልጅቷ ከሄደችበት ቤት አማቷ በነገር ቁጥር ታነሳባታለች። ስለዚህ የሙሽሪት አባት ከበሬው በፊት ስለ ጥይት ያስባል።

ወንድሜም አሰበ። የገበያው ጥይት የማይቀመስ፣ የራሱ ባሩድ ደግሞ እያለቀበት። ታዲያ ምን አደረገ? ባሩዱን ቀነሰ። «የሰርግ ጥይት» ብሎ ስም አወጣለት። ሰርጉ ሊደርስ ሲል እኔ ቤት መጥቶ ያንኑ ሥራውን ሲሠራ ሰማሁት፤ ለልጄ ያስረዳዋል።

«ይሄ ለከርከሮም ለሌባም አይደለም። ለድምፅ ነው። ለድምፅ ይህን ያህል ባሩድ ማባከን ምን ያደርጋል?»

ከማድቤት ሆኜ፣ «ለድምፅ ከሆነ ድቤ አይሻልም?» አልኩ።

«አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ!»

«እርሳሱስ ለምን ይገባል ታዲያ? ለድምፅ አይደል?» አለው ልጄ።

«ራስ የሌለው ጥይትማ ድምፁ ይታወቃል። የወንዱ ወገን ይስቅብናል። ራሱ ይኑረው።»

ይህቺን ቃል ያኔ እንደ ዋዛ ነው የሰማኋት። ባሩዱ ለቁጠባ ተቀነሰ፣ እርሳሱ ለክብር እንዳለ ተተወ። ጥይት አላውቅም፤ ግን ምስር ውሃ አጥሮት እሳቱ ሲበረታ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንዱን ቀንሶ ሌላውን እንዳለ መተው የት እንደሚያደርስ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልጠየቀም። እሱ ግን ባለሥራው ነበር!

ወደ ሰርጉ ስንሄድ፣ ገና ደሴ ሳለን፣ ልጄን በር ላይ ያዝኩት።

«አትተኩስም።»

«እማ፣ አጎቴ ከፊት ቁም ብሎኛል።»

«ቁም። ያዘው። አትተኩስም። ማልልኝ።»

«ወላሂ እማ፣ እይዘዋለሁ እንጂ አልተኩስም።»

ወላሂ ብሏል። እናቱ ነኝ፤ በአላህ ስም የማለልኝን አመንኩት።

ሰርጉ ያማረ ነበር፤ ይህን አልክድም። ዳሱ ሰፊ፣ ቅጠሉ እርጥብ፣ ሴቶቹ ድቤውን ሲመቱት ደረት ያንቀጠቅጣል። እኔ ትሪ ተሸክሜ ከማድቤት ወደ ዳስ እመላለሳለሁ። ከታች ከማሽላው ማሳ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ ሙሽራው ደረሰ። እልልታው ቀለጠ። ከእኛ ወገን አንዱ በጠመንጃ መለሰ። ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከእኛ ወገን ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አወቅኩት። የአባቴ ሽጉጥ ድምፅ ነው። ድስት የሚያስጥደው ድምፅ።

ትሪውን ለማን እንደሰጠሁት አላውቅም። ከዳሱ ስወጣ ልጄ ከወንዶቹ ፊት፣ አጎቱ ጎን፣ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። ወላሂ ያለኝ ልጄ! ደሜ ፈላ። ቃታውን ደግሞ ሳበ። ጡፍ አለ። እንደ ጎማ ትንፋሽ። ጢስ እንኳ በቅጡ አልወጣውም። ከታች ያሉት ሰምተዋል፤ ሳቁ።

«የሙሽሪት ወገን ሳል ይዞታል!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ዳማከሴ ስጡት!» አለ ሌላው።

የወንድሜ ፊት ጠቆረ። «ድገም!» አለው ልጄን። «ድገም፣ ቶሎ!» ልጄ በሃፍረት ጆሮው ቀልቷል። ክንዱን መልሶ አነሳ።

ያን ጊዜ ደረስኩ። ክንዱን በሁለት እጄ ጎትቼ አወረድኩትና በጥፊ አጮልኩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ድቤው ቀጥ አለ።

«ወላሂ ብለኸኝ! ወላሂ ብለኸኝ አልነበር፣ አንተ ውሸታም!»

«አንቺ!» አለ ወንድሜ። «እንግዳ ፊት! ወንዶች መሃል! ምን ነካሽ?»

«እርስዎም ዝም ይበሉ!»

ልጄ ጉንጩን ይዞ ቆሟል፤ ሽጉጡ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። የሙሽራው ወገን ቀርቧል፤ መሳቃቸውን ትተው ያዩናል። ከእነሱ መሃል አንድ ሽማግሌ፣ ድሮ ሚሊሻ የነበሩ፣ ወደ ልጄ መጥተው፣ «አምጣ እስኪ ልጄ፣ ይህ ሳል አላማረኝም» ብለው ሽጉጡን ተቀበሉት። ሆዱን ከፍተው ያሉትን ጥይቶች አራገፉ። ከዳሱ ቀጭን ጭራሮ መዘዙና በአፈሙዙ አስገቡ። ጭራሮው ትንሽ ገባና ቆመ። ገፉት። አልሄደም። በአውራ ጣታቸው የቆመበትን ይዘው አወጡትና ለወንድሜ አሳዩት።

«እርሳሱ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሯል» አሉ። «ባሩዱ አቅም አጥቶ መሃል መንገድ ትቶታል። ሌላ ጥይት ከኋላው ብትጨምርበት መውጫ የለው። ሽጉጡ ይፈነዳ ነበር፤ እዚሁ እጁ ላይ፣ ፊቱ ላይ።»

እኔ የልጄን እጅ አየሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። መሬቱ ላይ ዘጭ አልኩ።

ከዚያ ሰው ከበበኝ። ሴቶቹ ትከሻዬን ይስሙኛል። «ልብሽ ነግሮሽ ነው» አሉ። «የእናት ልብ ያውቃል» አሉ። «ዱዓሽ ነው» አሉ። ማንም አልነገረኝም! ልቤ አንዲት ነገር አላወቀም። ያ ጡፍ ያለው ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ወላሂ ብሎ ስለዋሸኝ ነው የመታሁት። ጨዋ እናት ብሆን፣ «እንግዳ ፊት አላዋርደው፣ እቤት ስንገባ እናገረዋለሁ» ብዬ ብተው፣ ልጄ ዛሬ እጅ የለውም፤ ምናልባትም ዓይን የለውም፤ ምናልባትም... ይህን ነው ማንም የማይሰማኝ። «አወቅሽ» ሲሉኝ ነገሩ እንደ ተአምር ይሆንና ማንም ጥፋተኛ አይሆንም። ጥፋተኛማ አለ! አጠገቤ ቆሞ ነበር።

እሱ ምን አለ መሰላችሁ? ላቡን ጠረገና፣ «አልሀምዱሊላህ! ምንም አልሆነም! ግቡ፣ ግቡ፣ እንግዶች፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል!» አለ። ድቤው እንደገና ተመታ። ሙሽሪት ወጣች። ሰርጉ ሰርግ ሆነ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ልጄ አላናገረኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሴቶች ፊት፣ በእኩዮቹ ፊት በጥፊ ተመቷል። እኔም አላናገርኩትም። ከሽማግሌው የተቀበልኩት ሽጉጥ በነጠላዬ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። እርሳስ የተሰነቀረበት ብረት ነው፤ ፍተሻ ቢያገኘኝ 'አይተኩስም' ብላቸው ያምኑኛል አያምኑኝም እያልኩ ነው የመጣሁት። ሐይቅን አልፈን ደሴ እስክንገባ ድረስ የፈራሁት ፍርሃት! እቤት እንደገባሁ ከልብሴ ሥር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጄ ቁልፉን አልጠየቀም፤ ግን አየ።

ሰርጉ ካለፈ ከቆየ በኋላ ወንድሜ መጣ። ቅቤ ይዞልኛል። ያንን የዱቄት ወተት ጣሳም ይዟል። ተቀመጠ፣ ስለ ልጁ አማቶች አወራ፣ ስለ ማሽላው አወራ። ልጄም ነበር፤ ከሥራ ገብቶ ራቱን ይበላል። እስካሁን ከእኔ ጋር «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው የምንነጋገረው።

«ሽጉጡን ስጪኝ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። «ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የማውቀው ልጅ አለ። እርሳሱን በስቶ ያወጣልኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ አሁን ስህተቱ ገብቶኛል። ባሩድ መቆጠብ አልነበረብኝም። ሙሉ ሙሉ አድርጌ እሠራለታለሁ። ልጁ እንደሆነ ማታ ማታ ይነዳል...»

አየሁት። ጭራሮውን አይቷል፤ እኔ መሬት ላይ ስወድቅ አይቷል። እና ይኼው ቅቤ ይዞ መጣ። ያኔ የአባቴ ጣት ትዝ አለኝ። ለምን ያን ሰዓት እንደመጣ አላውቅም።

«ወንድምጋሼ፣ የአባታችንን ጣት ምን ቆረጠው?»

ጣሳውን ከጉልበቱ ወደ ጠረጴዛው አዛወረ።

«ማጭድ ነው?»

«ማጭድማ...» አለና ጺሙን ያዘ። «ለእናንተ ነው ማጭድ ያልናችሁ። ትንንሾች ነበራችሁ። እናታችን ናት እንዲህ በሏቸው ያለችው። እሱ ራሱ የሞላው ጥይት ነው የቆረጠው። ግን ያኔ ባሩዱም መጥፎ...»

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ።

እኔ ተነሳሁ። እድሜዬን ሙሉ ያልኩት አንቱታ ያን ሰዓት ከአፌ ጠፋ። «እያወቅክ?» አልኩት። «እያወቅክ ነው ልጄ እጅ ላይ ያስያዝከው? የአባትህን ጣት አይተህ፣ ሚስትህ ስታባርርህ፣ 'ያንቺማ አድጓል' ብለህ እኔ ቤት አመጣኸው?»

«ለሱ ብዬ ነው እኮ! ቢያርዱትስ? ያኔ ምን ትይኝ ነበር?»

የሌባው ቢላ እውነት ነው፣ ብያለሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ሽጉጡን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እሺ። ውሰደው። ኮምቦልቻም አብሬህ እወርዳለሁ። እርሳሱን ያውጡልህ። ከዚያ እንዳልከው ሙሉ ሙሉ አድርገህ ሙላው። የመጀመሪያውን ግን አንተ ትተኩሰዋለህ። በዚህ እጅህ። እኔና ልጄ ቆመን እናይሃለን። ከተኮስክ ልጄ ይያዘው፣ ቃል አልናገርም። ወላሂ።»

ሳቀ። የሳቅ መልክ ያለው ነገር ከአፉ ወጣ። ሽጉጡን አየው፣ ከዚያ የቀኝ እጁን አየ፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ጋቢው ውስጥ አስገባው። እኔም አየሁ፤ ልጄም አየ።

«ዛሬ እንኳ...» አለ። «መኪናው ያመልጠኛል። ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።»

«ሻይ አይጠጡም?» አልኩት። አንቱታው በልማዱ ተመለሰ።

«አይ፣ አይ። ቸኩያለሁ።»

ወጣ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ። እያጓራ የሚከፈተው የቆርቆሮ በራችን ሲዘጋ ሰማነው። ልጄ ተነስቶ ሽጉጡን ከጠረጴዛው አነሳና እሱ ራሱ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረገው።

«እማ፣ አጎቴ ፈራ አይደል?»

«ፈራ።»

«በራሱ ሥራ?»

«በራሱ ሥራ።»

ጣሳውን እኔ ወስጄ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጥኩት። ቀለሃዎቹ ሲወርዱ ድምፃቸው ቆየ። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም፤ አልመጣምም። ይምጣ፣ አልጠላውም። ድስቷን ግን ያያታል።

ሽጉጡ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ እርሳሱ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ። ማንም እንዲያወጣው አልፈቅድም። እንዲህ ሆኖ ቢያንስ ማንንም አይጎዳም። ልጄ ከሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ጋር ተስማምቶ፣ ሲመሽ ሁለት ሦስት ሆነው ተከታትለው ይገባሉ፤ ጭጋግ ሲሆን ከመግሪብ በኋላ አይጭንም። ገቢው ቀንሷል፤ እሱም ያጉረመርማል። ፍርሃቴ አልሄደም። በር ላይ እቆማለሁ። የሦስት ባጃጅ መብራት ዳገቱን ሲወጣ ሳይ ነው ትንፋሼ የሚመለሰው።

ትናንት ሲገባ ጉንጩን እያሻሸ፣ «እማ፣ ያ ጥፊሽ ግን እስካሁን ይሰማኛል እኮ» አለኝ። ከሰርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀ ነበር።

«ደግመህ ማልና ዋሸኝ፣ ሌላኛው ጉንጭህም ይሰማሃል» አልኩት፤ ራቱንም አቀረብኩለት።